የሜዳው ዕድል፤ የድሬዳዋ አይሮፕላን ማረፊያ ታሪክ
ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

የዚህ የበዓል መጽሔት አዘጋጆች «ስለ ከተማችን ታሪክ ጽሑፍ አቅርቡ» ባሉን ጊዜ ጓደኞቼ መልካም መልካሙን ርእስ ፈጥነው ተሻሙት። አንዱ የባቡር ጣቢያውን ያዘ፤ ሌላዋ የቀፊራን ገበያ መረጠች፤ ሦስተኛው የደቻቱን ወንዝ ወሰደ። ለእኔ የቀረልኝ አይሮፕላን ማረፊያው ነበር። «አስፋልትና የሽቦ አጥር ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ብለው ሳቁብኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደነርሱ አስቤ ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ነገሩን ለአያቴ አጫወትኋቸው። አያቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ በምድር ባቡር ያገለገሉ ሰው ናቸውና አይሮፕላን የሚባለውን ነገር እንደ ባላንጣ ነው የሚያዩት። ሆኖም ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «አንተ ልጅ፤ ስለ አይሮፕላኑ ከመጻፍህ በፊት ሜዳውን ተመልከት። ባቡሩም አይሮፕላኑም የመጡት ሜዳውን ፈልገው ነው» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ንግግራቸው የተነሣ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባብያን እንዲያውቁልኝ እለምናለሁ።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ውል በሰጡ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐረር በዘመኑ የምሥራቁ ክፍል ራስ፣ የነጋዴው ሁሉ መሰብሰቢያ ነበረችና ሌላ ከተማ ይታሰባል ተብሎ የገመተ አልነበረም። ነገር ግን ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከቈላው ወደ እርስዋ የሚያወጣው ተራራ ደግሞ ለሰውና ለግመል እንጂ ለባቡር የሚመች አይደለም። ድልድዩና ዋሻው የሚጠይቀው ገንዘብ ኩባንያውን ስላስጨነቀው ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ። በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከተራራው ሥር በተዘረጋው ሜዳ ላይ ቆመ። ቦታውን በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ብለው ጠርተውት ነበር፤ ስሙ ግን አልያዘለትም። የአገሩ ስም ድሬዳዋ አሸነፈ። ድሬ በኦሮምኛ ሜዳ ማለት ነው። የሶማሌ ሽማግሌዎች ደግሞ ስሙን ከዲር ጎሣ ጋር ያያይዙታል። ክርክሩን ለቋንቋ ሊቃውንት ልተወውና፣ እኔ ስለምጽፈው ነገር ሜዳ የሚለው ትርጕም እጅግ እንደሚስማማኝ ሳልናገር አላልፍም።

ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለ ነበረ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ላይ ያድራል። እንግዲህ ከተማችን ያደገችው ሰው የሚያድርባት፣ ዕቃ የሚራገፍባት፣ ወሬ የሚለዋወጥባት መተላለፊያ በመሆንዋ ነው። ይህን ካላስታወስን የአይሮፕላኑም ነገር አይገባንም።

የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ የሚባል የፈረንሳይ ሥሪት ሲሆን ነጂው አንድሬ ማዬ ያመጣው ከዚያችው ከጅቡቲ ነው። ባቡር በሦስት ቀን የሚጨርሰውን መንገድ አይሮፕላን በጥቂት ሰዓት እንደሚጨርሰው ሕዝቡ ያን ቀን በዓይኑ አየ። ሆኖም የድሬዳዋ ሜዳ ለአይሮፕላን ማረፊያነት በብርቱ የሠራው በክፉ ዘመን ነው። በግንቦት 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ከተማዋን ከያዘ በኋላ ሜዳውን የጦር አይሮፕላኖች ሰፈር አደረገው። ኢጣሊያ በሰኔ 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ቦምብ ጣዮቿ ከዚህ እየተነሡ ባሕር ተሻግረው ኤደንን ይደበድቡ ነበር። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ያሉበት የእንግሊዝ ጦር ድሬዳዋ ገባ፤ የኢጣሊያም ዘመን በዚሁ አበቃ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቋመና መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አይሮፕላኖቹ ከዓለም ጦርነት የተረፉ፣ ዳኮታ የሚባሉ ባለ ሁለት ሞተር ነበሩ። በመጀመሪያው ጊዜ የተሳፋሪው መቀመጫ በግድግዳው ላይ እንደ መደብ የተዘረጋ ነበረና ሰው ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጥና ጭነቱ በመካከል ይደረደር ነበር። አየር መንገዱ ከጀመራቸው የውጭ መሥመሮች አንዱ ወደ ጅቡቲና ወደ ኤደን የሚወስደው ነው። ድሬዳዋ በዚህ መሥመር አቅጣጫ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ በአየር 260 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እስከ ኤደን ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያነሰ ነው። ለዳኮታ የመጀመሪያው ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ፣ ሁለተኛው ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው።

የማረፊያውን የውጭ ንግድ ግን ያደራው መንገደኛ አይደለም፤ ቅጠል ነው። ስለ ጫት በትምህርት ቤት መጽሔት መጻፍ ያስነቅፍ ይሆናል ብዬ ነበር፤ መምህራችን ግን «ታሪክ ከሆነ ጻፈው፤ ቃመው አላልንህም» ብለው አበረታቱኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጫት ኃይሉን የሚያገኘው ካቲኖን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይህ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቈረጠ በኋላ በሁለት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ እየተለወጠ ይደክማል። ስለዚህ ቡና በመጋዘን ወር ቢቀመጥ አይጐዳም፤ ጫት ግን በሰዓት የሚሞት ሸቀጥ ነው። በግመል ዘመን የሐረርጌ ጫት ባሕር ተሻግሮ ትኵሱን ሊሸጥ አይችልም ነበር። በባቡር ጅቡቲ ደረሰ። አይሮፕላን በመጣ ጊዜ ግን ንጋት ላይ አወዳይ የተቈረጠው ቅጠል በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በጭነት መኪና የደንገጎን ቍልቍለት ይወርዳል፤ ድሬዳዋ ላይ በዳኮታ ይጫናል፤ በዚያው ቀን ኤደን ገበያ ይቀርባል።

ኤደን በዚያ ዘመን መርከብ የማይጠፋበት ታላቅ ወደብ ነበረችና ገንዘብ ያለው ገዢ ሞልቶባታል። የገንዘቡ ወደ ሐረርጌ መፍሰስ የኤደንን የእንግሊዝ ሹማምንት እጅግ አሳሰባቸው። ስለ ሕዝቡም ጤና ተጨንቀው በ1949 ዓ.ም. ጫት ወደ ቅኝ ግዛቱ እንዳይገባ ከለከሉ። ቃሚዎቹም አልቸገራቸውም፤ ከቅኝ ግዛቱ ወሰን ወጣ እያሉ ይቅሙ ጀመር። ክልከላው ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላው በ1950 ዓ.ም. ተነሣ። ከዚህ ታሪክ የምገነዘበው አንድ ነገር አለ። በድሬዳዋ የአይሮፕላን ድምፅ በአወዳይ ገበሬ ማሳ ላይ ምን እንዲተከል የሚወስን ሆኖ ነበር። ማሽላውና ቡናው ለጫት ቦታ የለቀቁት በአንድ ምክንያት ብቻ ነው ባልልም፣ በጠዋት የተቈረጠውን ቅጠል ከሰዓት በኋላ በውጭ አገር መሸጥ መቻሉ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ይህ በጎ ነው ወይስ ክፉ የሚለውን በክፍላችን ተከራክረንበት ሳንስማማ ደወል ተደወለ።

አሁን ወደ ማረፊያው አሠራር ልመለስ። ሜዳው ከከተማው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ ርቆ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,160 ሜትር ይደርሳል። የመንደርደሪያው አስፋልት ርዝመት ከ2,600 ሜትር በላይ፣ ስፋቱ 45 ሜትር ነው። «ይህን ያህል ርዝመት ለምን አስፈለገ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር የፊዚክስ ትምህርቱን ያስታውስ። አይሮፕላን የሚነሣው በክንፉ ላይ በሚያልፈው አየር ኃይል ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። ድሬዳዋ ሁለቱም አሉባት። ፀሓይ በበረታችበት ቀን፣ ጥላ ፈልገን ከግድግዳ ሥር በምንጠጋበት ሰዓት፣ አይሮፕላኑም እንደኛ ይከብደዋል፤ ከመነሣቱ በፊት ረጅም መንደርደር ግድ ይሆንበታል። አንዳንድ ጊዜም ጭነቱን ይቀንሳል። ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለ ሆነ መንደርደሪያው ከዚህም እጅግ ይረዝማል።

በመንደርደሪያው ጫፎች ላይ 15 እና 33 የሚሉ ቍጥሮች ተጽፈዋል። ብዙ ሰው የመንገድ ቍጥር ይመስለዋል። ቍጥሮቹ የኮምፓስ ዲግሪዎች ናቸው፤ የመጨረሻዋ ዜሮ ተጥላ 150 ዲግሪ 15፣ 330 ዲግሪ ደግሞ 33 ተብሎ ይጻፋል። አብራሪው በአንደኛው ጫፍ ሲገባ ፊቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በሌላው ሲገባ ወደ ሰሜን ምዕራብ መሆኑን ያውቅበታል። አይሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት እየተቀበለ እንዲያርፍና እንዲነሣ ስለሚፈለግ በየትኛው ጫፍ እንደሚገባ በአብዛኛው የሚወስነው የዕለቱ ነፋስ ነው። በደቡብ በኩል ደግሞ ባቡሩን የከለከሉት እነዚያው ተራሮች ቆመዋል። ከመንደርደሪያው ሌላ የመንገደኞች አዳራሽና የመቈጣጠሪያ ግንብ አሉ፤ በአንድ ወገን ደግሞ የአየር ኃይል ሰፈር አለ። የሰላማዊው መንገደኛና የወታደሩ መንደርደሪያ አንድ ነው። ለዚህም ብርቱ ምክንያት አለው።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ወሰን ጥሶ ኦጋዴንን በያዘ ጊዜ የባቡሩ ድልድዮች አስቀድመው በፈንጂ ፈርሰው ነበር። ስለዚህ ድሬዳዋ የተወለደችበት መንገድ ተቈርጦ ነበር ማለት ነው። ከተማዋን ከመካከለኛው አገር ጋር የሚያገናኛት ረጅሙ የመኪና መንገድና ይህ ሜዳ ብቻ ሆኑ። በነሐሴ ወር አጋማሽ የሶማሊያ ታንኮችና መድፎች ወደ ከተማዋ ተጠጉ። ዓላማቸው ከተማዋንና አይሮፕላን ማረፊያውን መያዝ ነበር። ማረፊያው ቢያዝ ኖሮ ሐረርም ከበስተኋላዋ በተዘጋች ነበር። የምድር ጦሩ፣ ሚሊሺያውና የአየር ኃይሉ ተባብረው አጥቂውን መለሱት። በሜዳው ላይ በታንክና በአይሮፕላን መካከል የተደረገው ውጊያ የድሬዳዋ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ የሚያወሩት ነው። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ወደቀች፤ ድሬዳዋና ሐረር ግን አልወደቁም። በየካቲት 1970 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ጅጅጋ ተመልሳ እስክትያዝ ድረስ ከሶቪየት ኅብረትና ከኩባ በተገኘ እርዳታ የተጠናከረው ጦር ለመልሶ ማጥቃት ሲዘጋጅ ይህ ሜዳ ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል።

ስለዚያ ዘመን አያቴን ስጠይቃቸው ስለ ጀግንነት አይደለም የሚነግሩኝ። የሚያስታውሱት ጸጥታውን ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የባቡር ፊሽካ ሳይሰሙ የዋሉበት ቀን አልነበረምና «ፊሽካው ሲጠፋ ከተማው የሞተ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ የአይሮፕላን ድምፅ በሰማሁ ቍጥር፣ የእኛ ከሆነ፣ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር» ይላሉ። ለአይሮፕላን ሲያመሰግኑ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የማረፊያው ሙሉ ስም አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ዓለም አቀፍ አይሮፕላን ማረፊያ ነው። ደጃዝማች ይልማ የራስ መኰንን ልጅ ሲሆኑ፣ አባታቸው በ1898 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ሐረርን ጥቂት ጊዜ ገዝተው በወጣትነታቸው ሞቱ። አይሮፕላን ኢትዮጵያ የገባው እርሳቸው ከሞቱ ከሃያ ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። አባ ጤና የሚለውም በጥንቱ የመኳንንት ልማድ የፈረስ ስም ዓይነት ነው። የመቀሌው ማረፊያ አሉላ አባ ነጋ፣ የጅማው አባ ጅፋር መባሉን ስናስብ፣ አገራችን ለአዲሱ መጓጓዣ የጥንቱን የፈረሰኛ ስም መስጠት ትወዳለች ማለት ነው። ለእኔ ደስ ይለኛል።

«ዓለም አቀፍ» የሚለውን ቃል ግን ጠጋ ብለን ብንመረምረው መልካም ነው። ለብዙ ዓመታት፣ አሥመራ ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ዘመን፣ በዓለም አቀፍ ማረፊያነት ይጠሩ የነበሩት አዲስ አበባ፣ አሥመራና ድሬዳዋ ናቸው። ይሁንና ከስሙ ጋር ሁልጊዜ በረራው አብሮ አልሄደም። በ1955 ዓ.ም. የጄት አይሮፕላኖች መጥተው ቦሌ ከተከፈተ በኋላ ወደ ሩቅ አገር የሚሄደው መንገደኛ ሁሉ በአዲስ አበባ በኩል ማለፍ ጀመረ። ኤደን በ1960 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ነጻ ስትወጣ የወደቡ ድምቀት ቀዘቀዘ፤ የስዌዝ ቦይም በዚያው ጊዜ ተዘግቶ ነበርና የድሬዳዋ የባሕር ማዶ ገበያ አነሰ። የጅቡቲው መሥመር እንደ ዘመኑ ሁኔታ ሲከፈትና ሲዘጋ ኖሯል። ዛሬ ድሬዳዋን ከዓለም ጋር የሚያገናኛት ዋናው ገመድ በየዕለቱ ወደ ቦሌ የሚደረገው በረራ ነው። በአየር 340 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ በኋላ ወደ ዱባይ፣ ወደ ጂዳ ወይም ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ሰው በቦሌ አይሮፕላን ይለውጣል። በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችንም በክረምት ሲመጡ በዚሁ መንገድ ነው የሚገቡት። አዳራሹ በር ላይ የሚጠብቃቸውን ሰው ብዛት ያየ፣ ማረፊያው ዓለም አቀፍ ነው አይደለም ብሎ አይከራከርም።

አሮጌው ባቡር ከ1990ዎቹ ጀምሮ እየደከመ ሄዶ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ፈጽሞ ቀረ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲስ ባቡር ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ጣቢያው ግን ከከተማው ውጭ ነው። ከዚራ መካከል ያለው አሮጌው ጣቢያ ሰዓቱና በሩ እንዳለ ቆሞ ይታያል። ስለዚህ ዛሬ ወደ ድሬዳዋ በባቡርም በአይሮፕላንም የሚመጣ ሰው የሚወርደው ከከተማው ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ነው፤ እንደ 1895ቱ መንገደኛ።

ሐረርስ? ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ግንቡን ለማየት የሚመጣው እንግዳ በአየር ሲመጣ ድሬዳዋ ወርዶ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና የደንገጎን ዳገት ይወጣል። ባቡሩ አልወጣላትም፤ አይሮፕላኑም አልወጣላትም። የሐረር ልጆች የሆኑት ጓደኞቼ በዚህ ስናሾፍባቸው «እኛ ጋ የሚመጣ ሰው መንገዱን ችሎ ነው የሚመጣ» ይሉናል። መልሱ ጥሩ ስለ ሆነ ዝም እንላለን።

አያቴ አይሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም ነበር። ባለፈው ዓመት ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ መሄድ ግድ ሆነባቸውና ከአባቴ ጋር ሄዱ። አባቴ እንደ ነገረኝ ከመስኮቱ ሳይርቁ በደከመው ዓይናቸው ሐዲዱን ይፈልጉ ነበር። አንድ ቦታ ላይ «ያውልህ!» ብለው ጣታቸውን ቀሰሩ፤ እርሱ ምንም አላየም። ቦሌ ወርደው የእጅ ሰዓታቸውን ተመለከቱና «በባቡር ቢሆን ገና ኤረር አልደረስንም ነበር» አሉ።